የመጂዳ ጣውንት ትኩሳት

ገንዳ ውሃ ከተማ ውስጥ ሙኽታርን «እንዴት አደርክ?» ብሎ የጠየቀ ሰው መልሱን የሚያገኘው በቁጥር ነው። ሙኽታር ስልኩን ከኪሱ ያወጣና አየት አድርጎ «አርባ አራት» ይላል። ጠያቂው የሰፈር ሰው ከሆነ ነገሩን ያውቀዋልና «አልሐምዱሊላህ ነው» ብሎ ያልፋል። እንግዳ ከሆነ ግን ዕድሜውን የነገረው ይመስለዋል። ዕድሜውም ቢሆን ከዚያ ብዙ አይርቅም፤ ባለፈው ረመዳን አርባ ሁለት ሞልቶታል።

ቁጥሩ ግን የሙኽታር ሳይሆን የሃርድ ዲስክ ሙቀት ነው። ሙኽታር ከመናኸሪያው ጀርባ የፎቶና የቪዲዮ ሱቅ አለው። ላለፉት አሥራ ስድስት ዓመታት ገንዳ ውሃም ሆነ ሽንፋ፣ መተማ ዮሐንስም ሆነ በመሐል ባሉት ቀበሌዎች የተጋባ ሰው ሁሉ፣ ማለት ይቻላል፣ በእሱ ካሜራ ፊት አልፏል። ሰው ደግሞ ሲጋባ እንጂ ከተጋባ በኋላ ለቪዲዮው ግድ የለውም። ሲዲውን ልጅ ይጫወትበታል፤ ፍላሹ ኪስ ውስጥ እንዳለ ከሱሪ ጋር ይታጠባል። ከዚያ አንድ ቀን፣ ወይ የሞተባቸው ሰው ትዝ ሲላቸው፣ ወይ ተጣልተው መታረቅ ሲያምራቸው፣ ሱቁ በር ላይ ብቅ ይሉና «ሙኽታር፣ የኛ ሰርግ አለህ?» ይሉታል። ሙኽታር በዚህች ዓለም ከሁሉ አብልጦ የሚወደው ቃል የዚህ ጥያቄ መልስ ነው። ደረቱን ነፋ አድርጎ፣ ቀስ ብሎ፣ «አለኝ» ይላል።

ቪዲዮዎቹን ሁሉ የሚያከማችበትን ሰርቨር ያቋቋመውም ይህን «አለኝ» ለማለት ነው። ከመሥሪያ ቤት ጨረታ የገዛውን አሮጌ ኮምፒውተር ሆዱን ከፍቶ አራት ሃርድ ዲስክ ደረደረበትና ሳሎኑ ጥግ፣ ከቴሌቪዥኑ አጠገብ አስቀመጠው። ከዚያ ወዲህ መብራት ካልሄደ በቀር ሌት ተቀን አይጠፋም። ከሱቁ እስከ ቤቱ ሦስት መቶ ሜትር ቢሆን ነው፤ በሁለቱም ጣሪያ ላይ ትንንሽ አንቴና ሰቅሎ አገናኛቸው። ሱቁ ውስጥ ቁጭ ብሎ ከቤት ፋይል ይስባል። የሚብሰው ግን የሙቀቱ ነገር ነው። የአራቱን ዲስኮች ሙቀት በየአምስት ደቂቃው እየለካ በመስመር የሚስል ፕሮግራም ስልኩ ላይ ጭኗል፤ ያንን መስመር ሲያይ ይውላል።

ደጋ ቢሆን ይህ ሁሉ ባላስፈለገ ነበር፤ ዳባት ላይ ነፋሱ ራሱ ያበርድለታል። ገንዳ ውሃ ግን በሚያዝያ ጥላ ሥር እንኳ አርባ ሁለት ይገባል፤ ዲስኩ ደግሞ ሲሽከረከር የራሱን ይጨምርበታል። ሙኽታር ለዚህ የራሱ ሕግ አለው። ከአርባ አምስት በታች ከሆነ ይቀልዳል። ሃምሳ ሲደርስ ምሳ አይበላለትም። ሃምሳ አምስት ካየ ለፓስፖርት ፎቶ አገጩን ቀና ያደረገ ደንበኛ ፊቱ ቢቀመጥ እንኳ እንደቀና ትቶት ወደ ቤት ይሮጣል።

ያልሞከረው የለም። የኮምፒውተሩን የጎን ክዳን አወለቀ፤ እንሽላሊት ገባበት። ከወለሉ ከፍ ይበል ብሎ ብሎኬት ላይ አቆመው፤ ሁለት ዲግሪ ቀነሰ። ዲስኮቹ ተጣብቀው እርስ በርሳቸው እንዳይሟሟቁ አራራቃቸው፤ ሦስት ቀነሰ። ከሱዳን የመጣውን ባለ እግር ፋን ከመኝታ ቤት አውጥቶ ፊቱ ገተረለት። ይሄኛው አራት ቀነሰ፤ መጂዳ ግን አኮረፈች።

መጂዳ ሚስቱ ናት፤ ከተጋቡ አሥራ አራት ዓመታቸው ነው። ይህን ኮምፒውተር በስሙ ጠርታው አታውቅም፤ «ጣውንቴ» ነው የምትለው። «ሌላው ሰው ሁለተኛ ሲያገባ ቤት ሠርቶ ለብቻዋ ያስቀምጣታል፤ የኔው ሳሎኔ ላይ አምጥቶ ጎለታት» ትላለች ለጎረቤቶቿ። ጠዋት ስትነሳ «ጣውንቴ እንዴት አደረች? እንቅልፍ ወሰዳት?» ትለዋለች። እሱም ቀልድ እንዳልሰማ ሰው «አርባ ሦስት» ብሎ ይመልስላታል። አንዴ ወባ ይዟት ስትቃጠል ግንባሯን ነካ አድርጎ «ሠላሳ ዘጠኝ ቢሆን ነው፤ ይሄማ ምንም አይደል» ብሏታል። መጂዳ ለዚህች ንግግር ሦስት ዓመት ሙሉ ስታስከፍለው ኖራለች።

ትልቁ ጦርነት ግን የዳንቴል ነበር። መጂዳ እጇ ሥራ አይፈታም፤ ዳንቴል ትሠራለች። ቤቷ ውስጥ ያልለበሰ ዕቃ የለም። ቴሌቪዥኑ ለብሷል፤ ፍሪጁ ለብሷል፤ ውሃ የሚበርድበት የሸክላ ዚር እንኳ ክዳኑ ላይ ትንሽ ዳንቴል አለችው። እንግዳ በሚገባበት ሳሎን ያ ኮምፒውተር ሽቦው ተዘርግፎ ራቁቱን መቀመጡ አሳፈራት። ስለዚህ ለእሱም ሠራችለት፤ ነጭ፣ ጠርዙ ላይ ሮዝ አበባ የዞረበት። ሙኽታር ሲያየው ራሱን ያዘ።

«ታፍኖ እኮ ይሞታል!»

«አቧራውስ?» አለች መጂዳ። «የሃቡቡ ነፋስ ሲነሳ አሸዋው የት የሚገባ ይመስልሃል?»

እንግዲህ ለመፍረድ ያስቸግራል፤ ሁለቱም እውነት አላቸው። እሱ ያነሳዋል፣ እሷ ትመልሰዋለች። በመጨረሻ እሷ የተሸነፈች መሰለችና ዳንቴሉ ከዓይን ጠፋ።

አንድ ቀን ሙኽታር ሱቁ ቁጭ ብሎ መስመሩን ሲያይ አንድ ነገር ገረመው። ጠዋት ሁለት ሰዓት፣ እሱ ከቤት እንደወጣ፣ መስመሩ ሽቅብ ይጀምራል። ስድስት ሰዓት ተኩል፣ ለምሳ ሊገባ ሲል፣ ይወርዳል። ስምንት ሰዓት ላይ ወደ ሱቅ ሲመለስ ደግሞ ይወጣል። የትናንቱን አየ፤ እንደዚሁ ነው። የትናንት ወዲያውንም አየ። ስልኩን አነሳና ደወለ።

«መጂዳ፣ ዳንቴሉን አንሺው።»

መጂዳ ዙሪያዋን ተመለከተች። መስኮቱ ዝግ ነው፤ በሩ ላይ ማንም የለም። «ኧረ የት ሆነህ ነው የምታየኝ?»

«ሱቅ ነኝ። አንሺው፤ ሃምሳ አንድ ገባ።»

አነሳችው። ከሩብ ሰዓት በኋላ ስልኳ እንደገና ጮኸ፤ «አላህ ይስጥሽ፣ ወረደ።» ከዚያ ቀን ጀምሮ መጂዳ ኮምፒውተሩ አጠገብ ስትደርስ ድምፅዋን ዝቅ ታደርጋለች። ሽንፋ ላሉት እናቷ በስልክ ስትነግራቸው «ይህቺ ጣውንት ታሳብቅብኛለች፣ እማዬ» አለች። እናቷ እማማ ዘሀቢያ ከልባቸው ሳቁ፤ ከዚያም ሳቃቸውን ቆረጥ አድርገው «ልመጣ ነው» አሏት።

በዚያው ሳምንት ከሽንፋ አውቶቡስ ላይ ወረዱ። በማግስቱ ቁርስ ላይ የመጡበትን ጉዳይ አወጡት።

«ሙኽታር ልጄ፣ የሼሁ ድምፅ ጠፋኝ።»

ሼሁ ባላቸው ሼህ ሰፍዋን፣ የመጂዳ አባት ናቸው። ከሞቱ ስድስት ዓመት ሆኗቸዋል።

«ፊቱስ አለ» አሉ እማማ ዘሀቢያ። «ፎቶው ግድግዳዬ ላይ ነው፤ ስገባ ስወጣ አየዋለሁ። ድምፁ ግን ከዚህ ወጣብኝ» ብለው ጆሯቸውን ነኩ። «በቀደም በሕልሜ መጣ፤ አፉ ይንቀሳቀሳል፣ ድምፅ የለውም። በናንተ ሰርግ ዱዓ ሲያደርግ ተቀርጾ ነበር፣ አይደል? አለህ?»

መጂዳ የያዘችውን ዳቦ አስቀመጠች። ሙኽታር ደረቱን ነፋ አደረገና «አለኝ» አለ።

እውነቱን ነው፤ ነበረው። ሙኽታር የሁሉን ሰርግ ሲቀርጽ የራሱን ግን ሊቀርጽ አልቻለም፤ ሙሽራው እሱ ነበራ። ካሜራውን የሰጠው የሱቅ ጎረቤቱ ለሆነው ለሷሊህ ነው። ሷሊህ የሱዳን ሳሙናና ሽቶ ይሸጣል፤ ከዚያን ቀን በፊት ካሜራ ይዞ አያውቅም፤ ከዚያን ቀን በኋላም የሰጠው የለም። የግማሹ እንግዳ አንገት ተቆርጧል፤ የሙሽራዋ እናት እስከ ደረታቸው ብቻ ነው የሚታዩት። የሼህ ሰፍዋን ዱዓ ግን ከነድምፁ ሙሉውን ገብቷል። ያለው ሦስተኛው ዲስክ ላይ ነው፤ ከአራቱ ያረጀው እሱ ነው። ሌላ ቦታ የለም። ሙኽታር ሁለተኛ ቅጂ ለማስቀመጥ በየዓመቱ ይነሳል። መጀመሪያ ሰሊጡ ይሸጥና ገበያው ይከፈት ይላል፤ ቀጥሎ ከኢድ በኋላ ይላል። የዲስኩን ሙቀት በቀን አርባ ጊዜ ያያል፤ አንድ ተጨማሪ ዲስክ ለመግዛት ግን አሥራ ስድስት ዓመት አልበቃውም። ብልህ ሰው እንዲህ ነው፣ ምን ይደረጋል።

«እንግዲያ አሰማኛ» አሉ እማማ ዘሀቢያ።

ሙኽታር ስልኩን አየ። ሦስተኛው ዲስክ ሃምሳ ሁለት። «አሁን ሞቆታል፣ እማማ። በዚህ ሙቀት ካሠራሁት ይጎዳብኛል። ዓርብ አየሩ ሻል ይላል እየተባለ ነው፤ ሲበርድለት አሳይዎታለሁ።»

«ያተኩሰዋል እንዴ?»

«አዎ፣ እንደዚያ ይበሉት።»

እማማ ዘሀቢያ ኮምፒውተሩ አጠገብ ሄደው እጃቸውን ጎኑ ላይ አሳረፉ። ከንፈራቸውን መጠጡ። ሙኽታር ጫማውን አድርጎ ወደ ሱቁ ወጣ፤ የተናገረው ነገር ወዴት እንደሚያደርሰው አልጠረጠረም።

እማማ ዘሀቢያ ስለ ሙቀት የሚያውቁት ከሙኽታር አያንስም። በወጣትነታቸው ከባላቸው ጋር ሰሊጥ እርሻ ላይ ለአጫጅ ሠራተኛ ምግብ ሲያበስሉ ኖረዋል። ጀሪካን በጆንያ ጠቅልሎ፣ ጆንያውን ውሃ አጠጥቶ ጥላ ላይ መስቀል የዚያ አገር ሁሉ ፍሪጅ ነው፤ ከጎጃም የወጣው አጫጅ የእማማ ዘሀቢያን ውሃ ጠጥቶ «የአገሬን ምንጭ መሰለኝ» ይላቸው ነበር። ስድስት ልጆቻቸውንም ወባ ሲይዛቸው በእርጥብ ነጠላ ጠቅልለው ነው ያሳደጓቸው። በዚህ እጅ ያልበረደ ነገር የለም።

ረቡዕ ዕለት ሙኽታር ሱቁ ውስጥ ነበር። አምስት ሰዓት ላይ መስመሩ ቁልቁል ጀመረ። አርባ ስምንት። አርባ ሦስት። ሠላሳ ዘጠኝ። ሙኽታር ስልኩን አራግፎ እንደገና አየው። ሠላሳ አራት።

«ሷሊህ! ና እይ! በሚያዝያ ሠላሳ አራት!»

ሷሊህ ከሽቶው መሐል ብቅ አለና አየው። «ያ ዞል፣ አንተ ሰው፣ ሞተ እንዴ? ሬሳ ነው እኮ እንዲህ የሚቀዘቅዘው።»

«ሳይንስ ነው! አራርቄያቸው የለ? አሁን ገና ሥራውን ጀመረ ማለት ነው።» ሙኽታር ደስታው ሞልቶ ፈሰሰ። ሻይ አዘዘ፤ ለሷሊህ፣ ለሁለት ጫኝና አውራጆች፣ ጥላ ፍለጋ ለቆመ አንድ የባጃጅ ሾፌርም ጭምር። ሻዩ በነፃ ስለሆነ ሁሉም ስለ ዲስክ መራራቅ ያስተማራቸውን በትዕግሥት ሰሙት። ትምህርቱ ወደ ማለቂያው ሲደርስ መስመሩ ቆመ። ወደ ላይም ወደ ታችም አልሄደም፤ ጭራሽ ጠፋ።

ሰፈሩ ውስጥ መብራት አለ። ሙኽታር ብርጭቆውን አስቀምጦ ወደ ቤት ሄደ፤ ግማሹን መንገድ በእርምጃ፣ ግማሹን በሩጫ።

ሳሎን ሲገባ መጂዳ ገበያ ሄዳለች። እማማ ዘሀቢያ በርጩማ ላይ ተቀምጠዋል። ፊታቸው ኮምፒውተሩ ከላይ እስከ ታች በጆንያ ተጠቅልሎ፣ በገመድ ጥብቅ ተደርጎ ታስሯል። ጆንያው ውሃ ይንጠባጠባል፤ ብሎኬቱ ሥር ኩሬ ሠርቷል። ውሃው ሽቦው ውስጥ ገብቶ ቆጣሪው ላይ ያለው ማብሪያ በራሱ ወርዷል። እማማ ዘሀቢያ በዘንባባ ማራገቢያ እያራገቡለት ነው።

«ቀስ በል፣ ልጄ» አሉት ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። «ላብ ላብ አለውና ትኩሳቱ ወጣለት። አሁን ገና ተኛ።»

ሙኽታር አፉን ከፈተ። አማት ናቸው። አማት ላይ ድምፅ ከፍ አይደረግም፤ ያውም የሼህ ሰፍዋን ሚስት ላይ። አፉን ዘጋ። እንደገና ከፈተ።

«አላህ ይስጥልኝ፣ እማማ» አለ፣ ድምፁ ቀጥኖ።

«ምን አደረግሁ ብለህ። ዓርብ ድረስ ማን ይጠብቃል ብዬ ነው እንጂ።»

መጂዳ ከገበያ ስትመለስ ባሏ ጓሮ ቆሞ ጠበቃት። ነገሩን በሹክሹክታ ነገራት። መጀመሪያ ሳቋ መጣ፤ አፏን በሻርፗ ሸፈነች፤ «ጣውንቴን አጠቧት!» አለች። ከዚያ ፊቱን አየችው።

«አባዬም እዚያው ውስጥ ናቸው?»

በአዎንታ ራሱን ነቀነቀ።

«ሌላ ቦታስ?»

ሙኽታር ዘንቢሏን ሊቀበላት እጁን ዘረጋ።

«ሙኽታር፣ ሌላ ቦታ የለም?»

«ከኢድ በኋላ ልገለብጠው ነበር።»

መጂዳ ብትጮህ ይሻለው ነበር፤ አልጮኸችም። ዘንቢሏን መሬት ላይ አስቀመጠችና «ይሄን ሁሉ ዓመት ትኩሳት ስትለካ ኖረህ» አለች። ሙኽታር አፈረ። የሰው ሁሉ ሰርግ ጠባቂ ነኝ ሲል ኖሮ የሚስቱን አባት ድምፅ በአንድ አሮጌ ብረት ላይ ብቻ ትቶት መኖሩን ያን ጊዜ ገና በደንብ አየው። ለእማማ ዘሀቢያ ምንም ላለመናገር ተስማሙ።

ሦስት ቀን ሰርቨሩ አልበራም። ሷሊህ ጉዳዩን ሲሰማ «ሰሊጥ ውስጥ ቅበረው፤ እርጥበቱን ጥጥ አድርጎ ይጠጣዋል» ብሎ አንድ ኩንታል ሊልክለት ተነሳ። ሙኽታር «ዘይት አልጨምቅበት!» ብሎ አባረረው። ዲስኮቹን አንድ በአንድ አወጣ፤ በጨርቅ አደረቀ፤ ፀሐይ እንዳያገኛቸው በረንዳው ላይ፣ ፋን ፊት ለፊት ዘረጋቸው። የሚዘረጋበት ንጹሕ ነገር ሲያጣ መጂዳ ገባችና ያንን ባለ ሮዝ አበባ ዳንቴል አምጥታ አነጠፈችለት። ሙኽታር ዲስኮቹን አበባዎቹ መሐል ደረደራቸው። ጎንደር ደውሎ አዲስ ዲስክ አዘዘ፤ አውቶቡስ አመጣለት። በነዚያ ሦስት ቀናት መንገድ ላይ «እንዴት አደርክ?» ሲሉት «እንጃ» ነበር መልሱ።

ቅዳሜ ረፋድ ገጣጠመው። መብራት የሚቀበለው የኃይል ሳጥኑ ተቃጥሎ ስለነበር የሱቁን ኮምፒውተር ሳጥን ነቅሎ ተካው። መጂዳ አጠገቡ ቆማ «መጀመሪያ የአባዬን» አለችው። ማብሪያውን ተጫነ። የመጀመሪያው ዲስክ ተሽከረከረ፤ ሁለተኛውም ተከተለ። ሦስተኛው ዝም አለ። ከዚያ ቀጭ አለ፤ ደግሞ ቀጭ አለ። ሙኽታር የሚያውቀውን ዱዓ ሁሉ ሲጨርስ ዲስኩ እንደ አሮጌ ወፍጮ እያጓራ ተነሳ።

የሰርጋቸውን ፋይል ወደ አዲሱ ዲስክ መገልበጥ ጀመረ። ኮምፒውተሩ አርባ ደቂቃ ይፈጃል አለው። ሰዓቱ ወደ ስድስት እየሄደ፣ ጣሪያው ቆርቆሮ እየጋለ ነው። አርባ ስድስት። ሃምሳ። ሃምሳ ሦስት። ዲስኩ መንተባተብ ጀመረ፤ ይነበብ የነበረው ቆም ቆም ይላል። ሙኽታር ከሁለት ነገር መሐል ተያዘ፤ ቢያጠፋው እንደገና ላይነሳ ነው፣ ቢቀጥል ሙቀቱ ሊጨርሰው ነው። ሃምሳ አምስት።

«ደግሞ አተኮሰው?» አሉ እማማ ዘሀቢያ ከበርጩማቸው። «ጆንያውን ላምጣለት?»

«አይ!» ሙኽታርና መጂዳ እኩል ጮኹ።

አማቻቸው ጮኾባቸው አያውቅም። እማማ ዘሀቢያ አንድ ጊዜ ልጃቸውን፣ አንድ ጊዜ እሱን አዩ፤ ሦስት ቀን በረንዳ ላይ ተዘርግቶ የከረመውን ነገር አሰቡት።

«እኔ ነኝ የጎዳሁት?»

«አይደሉም» አለ ሙኽታር። «እኔ ነኝ፣ እማማ። ዋናው ጥፋት የኔ ነው። የሼሁ ድምፅ እዚህች ላይ ብቻ ነው ያለው፤ ሌላ ቅጂ አላስቀመጥኩም።»

እማማ ዘሀቢያ ማራገቢያቸውን ጭናቸው ላይ አስቀመጡ። ከዚያ እንደ እርሻ አሠሪ ቆጣ ብለው ተነሱ።

«መጠቅለሌ ነው ስህተቱ። እርሻ ላይ የምንጠቀልለው ጀሪካኑን ነው፣ ሰውን በጆንያ አንጠቀልልም። ለታመመ አጫጅ ጆንያውን የዳሱ መስኮት ላይ ነበር የምንሰቅልለት፤ ነፋሱ በርዶ እንዲገባለት። አንቺ መጂዳ፣ ውሃ አምጪ። አንተ መስኮቱን ክፈት።»

ሙኽታር ለአንድ አፍታ አፉን ከፍቶ ቆመ። ለካስ ነገሩ ይኸው ነበር። ብድግ ብሎ መስኮቱን ከፈተ፤ መጂዳ ጆንያውን ከዚሩ ውሃ ነክራ መስኮቱ ላይ ወጠረችው፤ እሱ ፋኑን አንስቶ ከጆንያው ኋላ፣ ከውጭ በኩል አቆመው። የደረቀው የቆላ አየር በእርጥቡ ጆንያ ውስጥ አልፎ ሲገባ ሳሎኑ ውስጥ የሰሊጥ እርሻ ጠዋት ሸተተ። ሃምሳ አራት። እማማ ዘሀቢያ ጆንያው በደረቀ ቁጥር በጣሳ ይረጩታል። ሃምሳ አንድ። አርባ ስምንት። መንተባተቡ ቆመ። አርባ አምስት ላይ ሲደርስ ሙኽታር ሊቀልድ ፈልጎ ድምፅ አጣ። ሰባት ሰዓት ሳይሞላ ፋይሉ ተገልብጦ አለቀ።

ያን ዕለት አሥር ሰዓት ላይ ቴሌቪዥኑ ፊት ተሰበሰቡ። ሷሊህም የእጁን ሥራ ሊያይ መጣ። አንገት የሌላቸው እንግዶች ሲያልፉ «ይህ ሆነ ተብሎ የተደረገ ነው» ሲል መጂዳ በትራስ መታችው። ከዚያ ሼህ ሰፍዋን መጡ። ሷሊህ ያን ጊዜ በደንብ እንዲታይልኝ ብሎ ትልቅ አምፖል አፍንጫቸው ሥር ደቅኖባቸዋል፤ ላባቸው በጺማቸው ይወርዳል። እጃቸውን ዘርግተው ዱዓ ጀመሩ። ወፍራም፣ ጫፉ ላይ ትንሽ ሰንጠቅ ያለ ድምፅ ነው። ልጆቹ እንዲዋደዱ፣ እንዲወልዱ፣ ዝናቡ በጊዜው እንዲመጣ ለመኑ። መሐል ላይ ከምስሉ ጥግ አንድ እጅ ብቅ አለ፤ ብር አምባር ያደረገ፣ የዘንባባ ማራገቢያ የያዘ የሴት እጅ። ሼሁን ማራገብ ያዘ። ሼሁ ዱዓቸውን ሳያቋርጡ ቆዩ፤ «አሚን» ካስባሉ በኋላ ፊታቸውን ሳያዞሩ፣ ዝቅ ባለ ድምፅ፣

«በቃሽ፣ ዘሀቢያ። እጅሽ ይዝላል። በርዶልኛል» አሉ።

እማማ ዘሀቢያ ያቺው ብር አምባር እጃቸው ላይ ነበረች፤ ማራገቢያውም። እጃቸው ቀጥ ብሎ ቆመ። እንባቸው ወረደ፤ አልጠረጉትም።

«እንደገና» አሉ።

ሙኽታር እንደገና ከፈተው። ሰባት ጊዜ ከፈተው። በሰባተኛው ላይ እማማ ዘሀቢያ «ይሄው ነው፣ ድምፁ ይሄው ነው» ብለው መጂዳን ጨበጧት። መጂዳ እንደ ልጅ እናቷ ትከሻ ላይ ተደፋች።

አሁን የሼሁ ዱዓ አራት ቦታ አለ። አንደኛው አዲሱ ዲስክ ላይ፣ ሁለተኛው ሱቅ፣ ሦስተኛው ሷሊህ ቤት ሳጥን ውስጥ፣ አራተኛው በእማማ ዘሀቢያ አንገት ላይ ከቁልፋቸው ጋር በክር የታሰረ ፍላሽ ላይ። ሙኽታር የሌላውንም ሰው ሰርግ በተራ እየገለበጠ ነው፤ ገና ብዙ ይቀረዋል። ዳንቴሉ ወደ ሳሎን ተመልሷል፤ መጂዳ ግን ኮምፒውተሩን አላለበሰችውም፣ ከሥሩ ነው ያነጠፈችለት። እማማ ዘሀቢያም ለዐረፋ እቆያለሁ ብለው ሽንፋን ረሱ።

በዚህ ሰሞን ሙኽታር መስመሩ ላይ አንድ አዲስ ነገር አየ። በየቀኑ፣ አሥር ሰዓት ላይ፣ ቀኑ ገና እንደጋለ፣ ሙቀቱ በሁለት ዲግሪ ይወርዳል። ለአንድ ሰዓት ያህል እንደወረደ ይቆይና ይመለሳል። ሦስት ቀን አይቶ በአራተኛው ገባው። አሥር ሰዓት እማማ ዘሀቢያ ቪዲዮውን የሚያዩበት ጊዜ ነው። ስልኩን አንስቶ ደወለ።

«መጂዳ፣ እናትሽ እያራገቡለት ነው?»

«አዎ፣ አጠገቡ ተቀምጠዋል።»

«ኧረ በቃዎት በያቸው። እጃቸው ይዝላል።»

ከኋላዋ የሼሁ ድምፅ ይሰማል።

«እኔም ብያቸዋለሁ፤ አባዬም ብለዋቸዋል» አለችው። «እማዬ የማንን ሰምተው ያውቃሉ?»